ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው ዓመት



በእናቴ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ብስኩቱ መቼ እንዳለቀ የሚያስታውስ የለም። ውስጡ ያሉት የአያቴ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። አያቴ በወጣትነታቸው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ገበሬ። በወታደርነት 15 ዓመት፣ በእርሻ ከ50 ዓመት በላይ ኖረው በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ከእነዚህ ፎቶግራፎች ጥቂቶቹን እያነሣሁ፣ የቤተሰብ ፎቶ እንዴት እንደሚነበብና እንዴት እንደሚጠበቅ አጫውታችኋለሁ። "እንደሚነበብ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ፎቶ በዐይን ብቻ ከታየ ያሳስታል። የእኛን ቤት ለብዙ ዓመት አሳስቶናል።

ያሳሳተን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፤ መጠኑ ከመዳፍ አይበልጥም። ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሁለት ወታደሮች ድንኳን ፊት ለፊት ቆመዋል። በስተግራ ያሉት አያቴ ናቸው። ከእግራቸው አጠገብ አንድ ትንሽ ልጅ አለ፤ ፊቱን ወደ ጎን ስላዞረ በቅጡ አይታይም። ጀርባውን ስትገለብጡት በሰማያዊ ቀለም 1953 የሚል ተጽፎበታል። ሌላ ምንም የለም።

1953 ሲባል እኛ ቤት ሁሉም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ የታኅሣሡ ግርግር። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ሙከራው ከሸፈ፤ ክቡር ዘበኛም ፈርሶ እንደገና ተዋቀረ። አያቴ ሦስት ወር ታስረው ወጡና ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። ስለዚህ አጎቴ ፎቶውን በእንግዳ ፊት ባወጣ ቁጥር "ይሄ አባባ ከመታሰራቸው በፊት የተነሡት የመጨረሻው የወታደር ፎቷቸው ነው" ይል ነበር። ልጁስ ማን ነው ሲባል "የጓደኛቸው ልጅ ይሆናል" ይላል። እኛም እንዲሁ ስንቀባበለው ኖርን።

አንድ ቀን ፎቶውን መስኮት አጠገብ ይዤ በማጉያ መነጽር አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት የድንኳኑን ጣሪያ ነው፤ የምድጃ ጢስ ማውጫ የቆርቆሮ ቱቦ ወጥቶበታል። አዲስ አበባ ላይ ምድጃ ያለበት ድንኳን ምን ይሠራል? ከበስተጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ዛፎቹ አንድም ቅጠል የላቸውም። እኛ አገር በበጋ የሚረግፍ ዛፍ ቢኖርም ኮረብታ ሙሉ እንዲህ አይራቆትም። ቀጥሎ የአያቴን ትከሻ አየሁ፤ ክብ ምልክት ተሰፍቶበታል፣ በክቡ ውስጥ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው እንደ አሸዋ ሰዓት ሆነዋል። ይህ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ዓርማ ነው። በመጨረሻ የልጁን እግር ተመለከትኩ፤ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ የጎማ ጫማ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርጉት የኮሪያ ልጆች ናቸው።

1953ቱ የእኛ 1953 አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር የተጻፈው። ወደ እኛው ሲመለስ 1945 ዓ.ም. ይሆናል፤ ከግርግሩ ስምንት ዓመት በፊት፣ በሌላ አህጉር፣ በሌላ ጦርነት ውስጥ።

አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ስሕተት የእኛ ቤት ብቻ አይመስለኝም። በውጭ አገር የተነሡ፣ በውጭ ድርጅት የታተሙ ወይም ከፈረንጆች ጋር በሠሩ ሰዎች እጅ የተጻፈባቸው ፎቶዎች ላይ ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ፎቶው ከታኅሣሥ 22 ገደማ በኋላ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ከተነሣ ስምንት ዓመት ይቀነሳል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ ሰባት። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ጻፉና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። የጥያቄ ምልክት ነውር አይደለም። እርግጠኛ መስሎ የተጻፈ ስሕተት ግን ልጅንም የልጅ ልጅንም ያሳስታል።

አሁን ወደ ኮሪያ እንሂድ። ጦርነቱ የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብለው ጦር ላኩ። ገና በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በፋሺስት ስትወረር የዓለም መንግሥታት ማኅበር አልታደጋትም፤ ስለዚህ "አንዱ ሲጠቃ ሌላው ይቁም" የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ብቻ አልነበረም። ጦሩ የተመለመለው ከክቡር ዘበኛ ነው። ስሙ ቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ ቃኘው የንጉሡ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ቡሳን ወደብ ተጓዘ። አያቴ በሁለተኛው ነው የሄዱት፣ በቀጣዩ ዓመት። በጦርነቱ ዘመን ብቻ ከ3 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ የቆሰሉት ከ500 በላይ ናቸው። አንድም የተማረከ የለም። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው።

ያ ልጅስ? ስሙን አናውቅም፤ ከእንግዲህም አናውቅም። የቃኘው ወታደሮች ወላጆቻቸውን ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ከራሽናቸው ያካፍሉ እንደነበር፣ በዶንግዱቾን ከተማም ቦህዋ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ እንዳቋቋሙ ይታወቃል። አያቴ ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ስለ ተኩስ ብዙ አያወሩም ነበር። ስለ ብርዱ ያወራሉ፤ "ውኃው በኮዳ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል" ይሉ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ልጆቹ ግን..." ይሉና ያቆማሉ። ያን ጊዜ "ልጆቹ ምን ሆኑ አባባ?" ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ፎቶው እጃችን ላይ ነበር፤ ሰውየውም አጠገባችን ነበሩ። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ነው የጠፋው።

ይህን ሁለቱን የማገናኘት ሥራ አንድ ሰው እንዴት እንደሠራው ልንገራችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1864 በአሜሪካ ኤሊያስ ሒላርድ የተባለ ቄስ ነበር። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችበት ጦርነት ካበቃ 81 ዓመት ሆኖታል። ከዘማቾቹ በመንግሥት የጡረታ መዝገብ ላይ በሕይወት ይገኛሉ የተባሉት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ሒላርድ እየዞረ አነጋገራቸው፤ የስድስት ሰዎች ፎቶግራፍ ከታሪካቸው ጋር በመጽሐፍ ወጣ። ከስድስቱ አንዱ ለሙኤል ኩክ ይባላል። በፈረሰኛ ጦር ውስጥ አገልግሎ፣ ዮርክታውን ላይ የእንግሊዝ ጦር እጁን ሲሰጥ ካዩት አንዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት ሲያርስ ኖሮ በ106 ዓመቱ ሞተ። ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ የተዋጋ ሰው ፊቱን ለእኛ ትቶ መሄዱ ዛሬም ያስደንቀኛል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር ዶን ሃጊስት የተባለ ጸሐፊ እነዚያኑ ታሪኮች ከጡረታ መዝገቦቹና ከሌሎች ሰነዶች ጋር ሲያመሳክር ብዙ ስሕተት አገኘ። ሽማግሌ ይረሳል፤ ጸሐፊም ያሳምራል። ፎቶው ቃል ይፈልጋል፣ ቃሉም ሰነድ ይፈልጋል።

የእኛ ቤት ሰነድ አንዲት ሜዳይ ናት። ሪባኗ ሰማያዊና ነጭ መስመር እየተፈራረቀበት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነች። ለኢትዮጵያውያኑ የተሰጠው ሜዳይ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። የ1953ቱን ፎቶ ያነበብኩት ልክ መሆኑን አጎቴ ያመነው እኔ ስለ ድንኳንና ስለ ዛፍ ስላወራሁለት አይደለም፤ ይህችን ሜዳይ ከቆርቆሮው ሥር አውጥተን ፎቶው አጠገብ ስናስቀምጣት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ፎቶ እናንሣ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው።

አያቴ ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ ወደ አርሲ፣ ወደ ጭላሎ ወረዱ። መንግሥት ለአርበኞችና ለወታደሮች የጋሻ መሬት ይሰጥ ነበር፤ እሳቸውም ከኮሪያ እንደተመለሱ የተመራላቸው መሬት ነበራቸው። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ፎቶው የተነሣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውድማ ላይ ነው። የተወቃ ስንዴ ተቆልሏል፤ አያቴ መንሽ ይዘው ቆመዋል፤ የለበሱት ያንኑ የኮሪያ ካፖርት ነው። ያው መሆኑን በምን አወቅን? ግራ ደረቱ ላይ ያለው ሁለተኛው ቁልፍ ወልቆ በሌላ ዓይነት ቁልፍ ተተክቷል፤ በሁለቱም ፎቶ ላይ ይታያል። ከኮሪያ በረዶ የወጣ ካፖርት የጭላሎን ብርድ ሲከላከል! ልብስን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሰው ፈገግታውን ለካሜራ ያስተካክላል፣ ቁልፉን ግን አያስታውስም።

በፎቶው ቀኝ ዳር፣ ግማሽ ትከሻው በወረቀቱ ጠርዝ ተቆርጦ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ጋቢ ለብሷል፣ እጁን ላይዳው ላይ አድርጓል፣ ካሜራውን አያይም። ለዓመታት ስለ እሱ ማንም አልጠየቀም። ፎቶውን በትልቁ አሳጥበን ፍሬም ስናደርገው እንዲያውም አጎቴ "አባባ መሀል ይሁኑ" ብሎ ያንን ዳር አስቆርጦት ነበር። ዋናው ቆርቆሮው ውስጥ ባይቀር ኖሮ ሰውየው ከቤታችን ለዘለዓለም ጠፍቶ ነበር።

የጠየቅኋት አያቴን፣ እማማን ነው። ዐይኗ ከአባባ ይሻል ነበር፤ ትዝታዋም እንደዚያው። ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችና "እሱማ ከእኛ በፊት የነበረው ነው" አለችኝ።

ከዚህ በላይ አላብራራችም፤ እኔ ግን ያን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልጨረስኩትም። በአርሲም ሆነ በሌሎች የደቡብ አውራጃዎች በጋሻ የሚሰጠው መሬት ብዙውን ጊዜ ባዶ አልነበረም። ቀድሞ የሚያርሰው ሰው፣ አባቱም አያቱም የተቀበሩበት ሰው፣ መሬቱ ለሌላ ሲመራ ጭሰኛ ይባልና ከምርቱ እያካፈለ ይኖር ነበር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሲጀመር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ፤ ስንዴው ጨመረ፤ መሬቱ ግን ውድ ሆነ፣ ትራክተርም ገባ፣ ብዙ ጭሰኞች ተነቀሉ። አያቴ ሰውየውን አላስነሡትም። ይህን በኩራት መናገር እችል ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው በራሱ አያቶች መሬት ላይ "አላስነሡትም" ተብሎ የሚነገርለት መሆኑ ራሱ ያሳፍራል። አያቴን እወዳቸዋለሁ፤ ለማያውቁት ሕዝብ ነፃነት ሕይወታቸውን ለመስጠት ሄደዋል። የዚያው ሰው ፎቶ ዳር ላይ የራሱ መሬት የተወሰደበት ሰው ቆሟል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን በመቀስ ቆርጠን ሌላውን ፍሬም ውስጥ ማስገባት አንችልም።

የቤተሰባችሁን ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ ዳሩን እዩ። ዕቃ የተሸከመውን፣ ቡና የምታቀርበውን፣ በር ላይ የቆመውን ልጅ። መሀል ያለውን ሰው ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ ቶሎ የሚጠፋው የዳሩ ሰው ስም ነው።

ከቆርቆሮው ውስጥ የሌሉም ፎቶዎች አሉ። አሮጌው አልበም አንድ ገጽ ላይ አራት የሙጫ ምልክት ብቻ ይዟል፤ በላዩ የነበረው ንጉሠ ነገሥቱ ለተመላሾቹ ሰላምታ ሲሰጡ የተነሣ ፎቶ ነበር፣ እማማ በእጇ ነው ያቃጠለችው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የንጉሡ ፎቶ በቤት መገኘቱ ያስፈራ ነበር። ደርጉ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ደግሞ ለደቡቡ መዋጋት የሚያስመሰግን ነገር አልሆነም፤ ብዙ የኮሪያ ዘማቾች ሜዳያቸውንና ፎቶአቸውን ደብቀዋል። የእኛዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ጎተራ ሥር ብዙ ዓመት ኖሩ። ሃያ ሦስቱ የተረፉት እንደዚያ ነው። ግማሾቹ ግን እርጥበት በልቷቸዋል።

ስለ አጠባበቅ ያለኝ ከዚሁ ጉዳት የተማርኩት ነው። ፎቶን የሚገድሉት እርጥበት፣ ፀሐይ፣ ጢስና የሰው እጅ ናቸው። በንጹሕ ደረቅ እጅ፣ ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት። ከመስኮት ፊት ለፊትና ከምድጃ በላይ አትስቀሉት። የተቀደደውን በፕላስተር አታያይዙት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔት አታስደርጉት፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ከፍሬም መስታወት ጋር ተጣብቆ ከሆነ ለመላጥ አትታገሉ፤ የፎቶው ፊት አብሮ ይነሣል፤ ከነመስታወቱ ፎቶ አንሡት። ነጋቲቭ ካገኛችሁ አትጣሉ፤ ከታተመው ፎቶ የበለጠ ዝርዝር የሚይዝ እሱ ነው። በስልካችሁ ስትቀዱ ብልጭታውን አጥፉ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ፤ ጀርባውንም እንዲሁ። ጀርባውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ እኛን ያሳሳተንም ያዳነንም ጀርባው ላይ የነበረው ቁጥር ነው። ስም ስትጽፉ በእስክሪብቶ አይሁን፤ ለስላሳ እርሳስ ያዙ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ ሳትጫኑ።

ሽማግሌ ስትጠይቁ ደግሞ "ታሪክዎን ይንገሩኝ" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ከባድ ነው፣ ዝም ያሰኛል። ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና በትንሹ ጀምሩ። "ይሄን ካፖርት ማን ሰጠዎት?" "ፎቶውን ያነሣው ማን ነው?" "ከዚህ ዳር የቆመው ማን ይባላል?" ከዚያ ታገሡ። ሲያቆሙ እናንተ አትሙሉላቸው። በስልክ ድምፃቸውን ቅዱ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ። ባልና ሚስት ካሉ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቁ፤ ባል ስለ ዘመቻው ያውቃል፣ ሚስት በፎቶው ላይ ስላሉት ሰዎች ሁሉ ታውቃለች።

አንድ የመጨረሻ ፎቶ ቀርቶኛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ። አያቴና ያ ሰው በአንድ ገበሬ ማኅበር ውስጥ ጎን ለጎን የሚያርሱ ጎረቤታሞች ሆኑ። በ1978 ዓ.ም. የአክስቴ ሠርግ ላይ የተነሣ ባለ ቀለም ፎቶ አለን። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በዚህኛው ሰውየው ዳር አይደለም፤ ካሜራውንም ቀጥ ብሎ ያያል። አያቴ ናቸው ወደ ሌላ የሚመለከቱት። ባለፈው ዓመት ከሰውየው ልጆች አንዱን አግኝተን ይህን ፎቶ ሰጠነው፤ የአውድማውንም ሳይቆረጥ አሳጥበን ጨመርንለት። የአባቱ ፎቶ ከዚያ በፊት በቤታቸው አንድም አልነበረም። የአባቱን ሙሉ ስም እሱ ነግሮን በሁለቱም ፎቶዎች ጀርባ በእርሳስ ጽፈናል።

አድማጮቼ፣ በጦርነቱ የተዋጉት የቃኘው ዘማቾች ዛሬ 90 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሳጥኑን አውርዱ፤ እርሳስ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። በዚህ ሳምንት አድርጉት።